የዶርካስ እንጥልጥል

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኩሽና ስገባ እህቴ እታገኝ የልጇን የሆኪ ማስክ እንዳጠለቀች ሻይዋን በስትሮ ትጠጣለች። እኔ በሕይወቴ ያላየሁት ነገር የለም፤ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ድመቱን በሕፃን ጋሪ የሚያንሸራሽር ጎረቤት አለን፣ ስንገናኝ የድመቱን ጤና እጠይቀዋለሁ። ሰው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ ግን የዚያን ቀን ገና ማየቴ ነው። በግራ እጇ ብርጭቆውን፣ በቀኟ የወጥ ማማሰያ ይዛለች። የማማሰያውን እጀታ ከአገጯ ስር ወደ ጉሮሮዋ ገፋ ታደርግና ትቆማለች፣ ደግሞ ገፋ ታደርጋለች። "ይኸው ይገባል" አለች ቀና ብላ ሳታየኝ። "ከታች ሽቅብ ሲመጣ በዚህ በኩል ይገባል። ማስክ ብለው የሸጡልን ለግንባር ነው እንጂ ለጉሮሮ አይደለም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶርካስ የእህቴ ብቸኛ ልጅ ናት፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ክረምቱም በጋ በሆነበት በዚህ ከተማ በረዶ ላይ የሚጫወቱትን ጨዋታ መርጣ፣ ከጨዋታውም በረኝነትን መርጣ፣ የሴቶች ቡድን ውስጥ ገብታለች። በረኝነቱ በማን በኩል እንደመጣባት መናገር አያሻም። በወጣትነቴ ጉለሌ ሜዳ ላይ ስቆም ኳሷ ራሷ መንገድ ትቀይር ነበር። አንድ አጥቂ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ መጥቶ ዓይኔን ሲያይ ሐሳቡን ቀይሮ ኳሷን ለራሱ በረኛ መልሶ ያቀበለበት ጊዜ አለ፤ ያዩ ሰዎች ዛሬም ካናዳ ውስጥ በሕይወት አሉ። ሐሙስ ለት ታዲያ ልምምድ ላይ ፐክ የሚሏት፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታክል ጠጣር ጎማ፣ ከበረዶው ነጥራ ከማስኩ ስር ሾልካ ዶርካስን ጉሮሮዋ ላይ አገኘቻት። ሐኪሙ አያትና ምንም የተጎዳ ነገር የለም፣ ድምጿ በራሱ ጊዜ ይመለሳል፣ ከመጫወትም አልከለክላትም አለ። ድምጿ ግን አልተመለሰም፤ ከሐሙስ ወዲህ ልጅቷ የምታወራው በሹክሹክታ ነው። እታገኝ ደግሞ ከሐሙስ ወዲህ ሥራ ካልያዘው በቀር እጇ ከራሷ ጉሮሮ ላይ አልወረደም። ስታወራም፣ ቴሌቪዥን ስታይም፣ የምትንከባከባቸውን አሮጊት መድኃኒት ስታስውጥም አንዱ እጇ እዚያ ነው፣ ሊፈስ የደረሰ ነገር ክዳን እንደሚይዝ ሰው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ነበር። የቡድኑ ዋና በረኛ ከወላጆቿ ጋር ወደ ሌላ ስቴት ስለሄደች፣ ዶርካስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ በሩን ልትይዝ ነው። አሰልጣኟ፣ ዶርካስ ካልመጣች ሌላ ልጅ አቆማለሁ ብሏል። በረኝነት እንደ አጥቂነት አይደለም፤ ወንበሩ አንድ ነው፣ ከተነሱበት ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። እታገኝ ግን ፈርዳለች። ያቺ ጉሮሮ በደንብ ካልተሸፈነች ዶርካስ በር ላይ አትቆምም፤ ዛሬም፣ ከዛሬ በኋላም።

ይኼኔ ዶርካስ ፒጃማዋን እንደለበሰች መጥታ ጆሮዬ ስር አሰልጣኟ ያላትን ሹክ አለችኝ። ከማስኩ አገጭ በገመድ የሚንጠለጠል፣ ጉሮሮን የሚጋርድ ፕላስቲክ አለ፤ ፈረንጆቹ ዳንግለር ይሉታል። እኔ ቃል ሲያጥረኝ አይታወቅም፤ እዚያው ቆሜ፣ ቁርስ ሳልበላ ተረጎምኩት። "እታገኝ፣ ልጅቷ የሚያስፈልጋት እንጥልጥል ነው" አልኩ።

ማማሰያው ቆመ። ማስኩን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "እንጥል ነው ያልከው?"

"እንጥልጥል። የሚንጠለጠል።"

ማማሰያውን ማጠቢያው ውስጥ ጣለችው። ልጆች ሳለን እንጥል የሚቆርጥ ሰውዬ ቤታችን መጥቶ ነበር። ታላቅ ስለሆነች መጀመሪያ የገባችው እሷ ናት፤ እኔ ተራዬን በር ላይ እጠብቃለሁ። ከውስጥ የወጣውን ድምፅ ስሰማ ሮጥኩ፤ ስድስት ጎልማሶች ተከትለውኝ እንጦጦ ጫፍ ድረስ አልደረሱብኝም፣ ያን ቀን ሰዓት የያዘልኝ ቢኖር ዛሬ ስሜ ሌላ ቦታ ነበር። የእኔ እንጥል እስከ ዛሬ በቦታው አለ። እሷ ስንት ቀን እንዳልተናገረች አላስታውስም፤ ወተት በማንኪያ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዶርካስ የተወለደች ሰሞን እናታችን ከአዲስ አበባ ደውላ፣ "የልጅቷን እንጥል አሳያችሁት?" ስትላት፣ እታገኝ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ንግግሩ በራሱ እስኪያልቅ ድረስ ዳይፐር ታጥፍ ነበር። ስለዚያ ነገር አውርተን አናውቅም። የዚያን ቀን ጠዋትም አላወራንም። ብርጭቆዋን አጠበች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ "ልየው" አለች። "ካላየሁት አይሆንም።"

እግረ መንገዳችንን ለዶርካስ ማር ለመግዛት የሐበሻ ሱቆች የተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቆምን። ቅዳሜ ጠዋት ፌርፋክስ ላይ ፓርክ ማድረግ ለሌላ ሰው የአርባ ቀን ሱባኤ ነው፤ እኔ በአንድ ዙር ገባሁ። እትዬ ፀሐይወርቅ ሱቃቸው ውስጥ ሽሮ፣ በሶ፣ የሻንጣ ሚዛንና ወሬ ይሸጣሉ፤ የመጨረሻው በነጻ ነው። እታገኝ ማር ልትመርጥ ወደ ውስጠኛው መደርደሪያ አለፈች፤ እኔና ዶርካስ ባንኮኒው ጋ ቀረን።

"ምን ሆና ነው ይቺ ልጅ፣ ድምጿን ማን ወሰደው?" አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

ዶርካስ አንቱታ የሚባል ነገር አሜሪካ ሳይደርስ የቀረባት ልጅ ናት። "ኢትስ ኦኬ፣ አታስቢ" አለቻቸው በሹክሹክታ። "እንጥል ልንገዛ ነው።"

እትዬ ፀሐይወርቅ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "እንጥል ይገዛል እንዴ ዘንድሮ?"

እዚህ ላይ አንዲት "ጥል" መጨመር ይበቃ ነበር። ግን ፊታቸው ላይ የወጣው ነገር በጣም ያምር ነበር፤ ያን ፊት ማጥፋት ደግሞ ግፍ መሰለኝ። "ፕላስቲክ ነው እትዬ" አልኳቸው። "ጥርት ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። በገመድ ነው የሚታሰረው።"

"በገመድ?" አማተቡ።

"ከረዘመ ይሳባል፣ ካጠረ ይለቀቃል።"

"የትኛው ሆስፒታል ነው?"

"ሆስፒታል አይደለም፣ ቫን ናይስ ያለ ሱቅ ነው። አሁን ይገባላትና ከሰዓት በረዶው ላይ ትጫወታለች። ያ ሁልጊዜ የምነግርዎ ቦታ።"

እትዬ ፀሐይወርቅ ዶርካስን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ይቺ አሜሪካ" አሉ። እታገኝ ማሩን ይዛ ስትመጣ አንድ ከረጢት በሶ አከሉላት፣ ጉንጯን ሳሙት፣ ገንዘብ በጄ አልል አሉ። ውጭ ስንወጣ እታገኝ፣ "ምን ሆነው ነው?" አለችኝ። "እኔን ወደውኝ ነው" አልኳት።

የቫን ናይሱ ሱቅ ከውጭ ሲታይ የጎማ መጋዘን ይመስላል፤ ከውስጥ ሲገቡበት አዲስ ቆዳና አሮጌ ካልሲ ይሸታል። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ የሰው ቅርጽ ያለው ጥሩር ተሰቅሎበታል፤ የአንድ ክፍለ ጦር ልብስ ታጥቦ የተሰጣ ነው የሚመስለው። ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ሻጭ መጣችና የዶርካስን ጉሮሮ በዓይኗ ብቻ አይታ፣ "ኦ፣ ፐክ" አለች። ከዚያ ማስረዳት ጀመረች፤ እታገኝ እንግሊዝኛ ባታጣም የጉሮሮ ነገር ስለሆነ በአማርኛ ልስማው ስላለች እኔ አስተረጎምኩ። ነገሩ ሁለት ነው። የጨርቅ ኮሌታው ቢላ በማይቆርጠው ክር የተሠራ ነው፤ አንዷ ተጫዋች ወድቃ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋ ምላጭ ወደ አንገት ቢመጣ እሱ ይይዘዋል፣ የፐክን ምት ግን ያሳልፋል። የሚንጠለጠለው ፕላስቲክ ደግሞ ፐኩን ይመልሳል፣ ምላጭ ግን በጎን ሊያልፈው ይችላል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። እኔ አሳጥሬ፣ "አንዱ ለጎራዴ ነው፣ አንዱ ለመድፍ" አልኳት።

"መድፍ ምን አመጣው?" አለች እታገኝ። እጇ ጉሮሮዋ ላይ ነው።

እኔ ዋጋ ሳይ ወደ ላይ ነው የማየው። ከሁሉም የሚወደደው፣ ከመቶ ዶላር በላይ የተለጠፈበት፣ መኪና የገጨው ሰው አንገቱ ላይ የሚያስሩለትን የሚመስል ወፍራም ደረቅ ነገር ነበር፤ አውርጄ ዶርካስ ላይ አጠለቅኩት። ግርማ ሰጣት። እታገኝ ግን ከመደርደሪያው አንድ ፐክ አነሳችና ወለሉ ላይ ወደ ልጅቷ እግር አንከባለለችው። ዶርካስ አንገቷን ማጎንበስ አቃታት፤ ኮሌታ እንደጠበበው ሙሽራ ፊት ለፊት እያየች በእግሯ ትዳብሰው ጀመር። "አንገቷን አስሬባት እግሯ ስር ያለውን በምን ልታየው ነው?" አለች እታገኝ። "ይኼን ለሠርግህ አድርገው።" ግርማውን ወደ ቦታው መለስኩት።

ቀጥሎ ሻጯ ለስላሳውን ኮሌታ አመጣች፤ አንገትን ዞሮ እስከ ደረት አጥንት ድረስ እንደ ሕፃን ለሐጭ መቀበያ የሚዘረጋ፣ ከደረት ጥሩሩ ስር የሚገባ። እታገኝ ሌባ ጣቷን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ እየሰደደች ክፍት ቆዳ ፈለገች። አላገኘችም። "ይኼ ይሁን" አለች። ከዚያ ሻጯ ፕላስቲኩን ማስኩ ላይ አሰረችው። ዶርካስ ቀና ስትል ከስሩ ጉሮሮዋ ታየ፤ ገመዱን ለቀቅ አደረገችው። ስታጎነብስ ደረቷን ነክቶ ማስኩን ወደ ላይ ገፋው፤ ሳብ አደረገችው። በመጨረሻ ለሁለቱም የሚሆን ልክ ተገኘና ነገሩ ከዶርካስ አገጭ ስር ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ቀረ። የእታገኝ ፊት ተለወጠ።

"ይኼ? የሚወዛወዝ ነገር ምን ያስጥላል?"

"ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ኳስ ሲመታው አይተሽ የለ?" አልኳት። "ግድግዳ ሲመታ ይነጥራል፤ ጋቢ ሲመታ እዚያው ይሞታል። የእማዬን ጋቢ ስንቴ ነው ያጨቀየሁት?" ይኼን የነገረኝ የለም፣ ከራሴ ነው። ሻጯ በእንግሊዝኛ ስነግራት ለሌላ ደንበኛ እጠቀምበታለሁ አለች፤ ዛሬ ያ አባባል አላስካ ደርሷል ቢሉኝ አይገርመኝም።

እታገኝ አልሳቀችም። ፕላስቲኩን በጣቷ ነካች፣ ተወዛወዘ። "አንተ በረኛ ነበርክ አይደል?"

"ነበርኩ አይባልም፣ ነኝ ነው" አልኩ። አፌ ነው።

"እንግዲያው አንተ ልበሰው።"

ሱቁ ጥግ ላይ ደንበኛ ፐክ የሚመቱበትን ዱላ የሚሞክርበት ነጭ የፕላስቲክ ወለልና አንድ በር አለ። ሻጯ ነገሩ ሲገባት ፊቷ በራ፤ ትልቁን የደረት ጥሩር አምጥታ አለበሰችኝ፤ ደረቴ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ከሆዴ ላይ አልዘጋ አለ። ኮሌታውን፣ ማስኩን፣ እንጥልጥሉን አጥልቄ በር ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያዋን ፐክ የመታችው እታገኝ ናት፣ በአንድ እጇ፣ ሌላው ጉሮሮዋ ላይ ስለሆነ። ግድግዳውን አገኘችው። ሁለተኛዋ የዱላ መደርደሪያ ላይ አረፈችና ዱላዎቹ አንድ በአንድ እየተያያዙ ወደቁ። ያኔ ዶርካስ ቀስ ብላ ዱላውን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ፐኩን ፊቷ አስቀምጣ ቀና አለች። ዓይኗን አየሁት። የእኔ ዓይን ነው፤ ያ አጥቂውን ሐሳብ ያስቀየረው። ያን ጊዜ ነው እንጥሌ ዱብ ያለው፣ ያ ያላስቆረጥኩት እንጥል።

ጧ። ከአገጬ ስር በር ተንኳኳ፣ ማንም ግን አልገባም። ፕላስቲኩ ደረቴን ነካ አድርጎ ተመለሰ፣ ፐኩ እግሬ ስር ጠብ አለ። ሌላ ምንም የለም።

"ተናገር" አለች እታገኝ።

ዝም አልኩ። ላስደነግጣት ነው፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

"እንዳሻው፣ ተናገር።" ወደ እኔ መጣች። "እንዳሹ። እንዳሹዬ፣ እባክህ ተናገር።" በዚያ ስም ከጉለሌ ወዲህ የጠራኝ የለም። አንድ እጇን ከራሷ ጉሮሮ ሳታነሳ፣ በሌላው ፕላስቲኩን ገልጣ ጣቶቿን የእኔ ጉሮሮ ላይ አሳረፈች። ቀልዱ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት፣ እኔ ግን ያን ጊዜ የምር ድምፅ አልወጣልህ አለኝ። ወንድምና እህት እንዲህ ተጠጋግተን የቆምንበትን ጊዜ ማስታወስ አልቻልኩም።

"ጎል ገባ ወይስ አልገባም?" አልኩ በመጨረሻ።

በደረቁ ኮሌታ ማስኩን ደጋግማ ደበደበችኝ። ዶርካስ ድምፅ በሌለው ሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እታገኝ ትንፋሿ ሲመለስ ወደ ሻጯ ዞራ በጥርት ያለ እንግሊዝኛ ሁለቱንም እንወስዳለን አለች።

የበረዶው አዳራሽ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጃኬት የሚያስፈልግበት ብቸኛ ቦታ ነው። እታገኝ ልጅቷ ከመግባቷ በፊት የእንጥልጥሉን ገመድ ራሷ አሰረችው፣ ድርብ ቋጠሮ፣ ከዚያ በላዩ ሌላ። ከልብስ መቀየሪያው ወጥተን የብረት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከኋላችን በሩ ተከፈተና እትዬ ፀሐይወርቅ በካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው ገቡ። ከኋላቸው ግማሽ ፌርፋክስ ተከትሏቸዋል፤ ስምንት ሰው ነው የሚሉ አሉ። ፔርሙስ የያዘ አለ፣ ጠበል በውኃ ላስቲክ የያዘ አለ።

"የት ነው የተኛችው?" አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

"አልተኛችም እትዬ። ያቻትና" አልኩ ወደ ጎሉ በር እያሳየሁ።

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። "ዛሬ ተቆርጦላት ዛሬ?"

እታገኝ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?"

"ተጀመረ" አልኩ። እውነትም ተጀምሮ ነበር።

የያዙትን ነጠላ ለሦስት ለሦስት እየተከፋፈሉ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ዶርካስ የዚያን ቀን መቶ ፐክ አዳነች፤ ሰሌዳው ሃያ ምናምን ነበር የሚለው፣ ሰሌዳ ምን ያውቃል። አንድ ነገር ግን ከበዳት። በረኛ ከኋላ ሆና ተከላካዮቿን መጥራት አለባት፤ ያንቺ ነው፣ ተይው፣ ከኋላሽ መጣች ማለት አለባት። ድምፅ ስለሌላት በዱላዋ የበሩን ብረት ትመታለች፤ ተከላካዮቹ የቱ ምት ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንድ ለባዶ እየመራን ሳለ እንዲሁ ሁለቱ ተጋጭተው ሲወድቁ፣ ትከሻዋ ቁምሳጥን የሚያክል የተቃራኒ ቡድን ልጅ ብቻዋን ቀረች። መታችው። ፐኩ ከበረዶው ተነሳ።

ጧ።

ያን ድምፅ እኔ አውቀዋለሁ። እታገኝም ታውቀዋለች። ዶርካስ በጉልበቷ ወደቀች፤ ፐኩ ፊቷ ጠብ አለ፣ በጓንቷ ሸፈነችው፣ ፊሽካ ተነፋ። ቀና ግን አላለችም። "እንጥሌ" አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ። እታገኝ ከአጠገቤ መቼ እንደተነሳች አላየኋትም፤ ሳያት ደረጃውን ወርዳ በረዶውን የከበበው መስታወት ጋ ደርሳለች። አንድ እጇ ጉሮሮዋ ላይ፣ ሌላው መስታወቱ ላይ።

ዶርካስ ማስኩን ወደ ግንባሯ ገፋች። ዳኛዋን አየች፣ ተከላካዮቿን አየች፣ ከዚያ እናቷን አየች። አፏን ከፈተች።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ!"

ሹክሹክታ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚጮህ አውራ ዶሮ የተሰነጠቀ፣ የሻከረ፣ ግን ሙሉ ድምፅ፣ ያውም በአማርኛ። ሁለቱም ቡድን ዞሮ አየ። ፌርፋክስ ድረስ ተሰማ ብል ታጋንናለህ ትሉኛላችሁ፤ ሮበርትሰን ድረስ ግን ተሰምቷል።

"ይሠራል ማለት ነው፣ የገዛችሁት" አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

መስታወቱ ጋ ወንበር የለም። እታገኝ እዚያው የቆመችበት የደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እጇም ከጉሮሮዋ ወርዶ ጭኗ ላይ አረፈ።